ሦስት ውሃ የታጠበው ድንች

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ ደረጃ በወጣሽ ቁጥር እንደ አሮጌ በር የሚንቋቋው ጉልበትሽ ዘንድሮ ዝም አለልሽ ወይስ ባሰበት? ባለቤትሽስ፣ ጋሼ፣ ደህና ናቸው? መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቤቱን ሙሉ መፈለጋቸውን ተዉ ወይ? ልጆቹስ? ጎረቤቶቹስ? ዶሮዎችሽስ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እንዲያውም ደህና ነኝ ማለት ያንስብኛል። ደስ ብሎኛል፤ ደስታዬን ለማን እንደማወራው ጨንቆኝ ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት። በስልክማ ልነግርሽ ጀምሬ አልነበር? «መስመሩ ይቆራረጣል፣ ጻፊው» ብለሽ ዘጋሽብኝ። እንግዲህ ጻፊው ካልሽ ወንበርሽን ሳቢና ተቀመጪ፤ አጭር አይደለም።

ምራቴ ማርገዟን ነግሬሽ ነበር። ያልነገርኩሽ እንዳትጨነቂ ብዬ የደበቅኩሽን ነው። ደስታችንን ገና ተናግረን ሳንጨርስ ምግብ የሚባል ነገር ጠላት ሆነባት። ሽንኩርት ከሩቅ ከሸተታት እጇን አፏ ላይ ጭና ትሮጣለች። ስጋ ማየት አትፈልግም። ደረቅ ዳቦ ትቆነጥርና እሱንም መልሳ ታወጣዋለች። ያቺ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ኋላ ስትቆም ዓይን የምትሞላ ልጅ፣ ነጭ ጋውኗን ስትለብስ ልብሱ መስቀያ ላይ የተሰቀለ መሰለ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መዘነቻትና ከንፈሯን መጠጠች፤ «በሚቀጥለው ከዚህ ቀንሳ ከመጣች እናስተኛታለን» አለች። ልጄ እንደምታውቂው የመብራት ሠራተኛ ነው፤ የሰው ቤት ሲያበራ ይውልና የራሱን ፊት አጥፍቶ ይገባል። ባለቤቴ እንኳ፣ መሪ ላይ ተቀምጦ በቀልዱ አውቶቡስ ሙሉ ሰው የሚያስቀው ሰውዬ፣ ቤት ሲገባ ጫማውን በቀስታ ማውለቅ ጀመረ።

ይሄ ሳያንስ የልጅቷ እናት ደወለች። ሴትዮዋን ታውቂያታለሽ፤ በሠርጉ ዕለት የእንግዳውን ወንበር ራሷ እየዞረች ስትፈትሽ የነበረችው ናት። ክፉ አይደለችም፤ ልጇ ላይ ግን ዓይኗን አትጨፍንም። «እሑድ እመጣለሁ» አለችኝ። «ልጄ ገበታ ቀርባ ስትበላ በዓይኔ ካላየሁ ይዣት እሄዳለሁ። እስክትወልድ እኔ ጋ ትሆናለች።» ምን ልበላት? እናት ናት፤ እኔም ብሆን ይሄንኑ ነበር የምለው። የእሷ ቤት ደግሞ የት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ጠዋት አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ሲመሽ ነው የሚደርሰው። ልጄ ሥራውን ጥሎ አይሄድ ነገር፣ ሚስቱን በስልክ ሊያስታምም ነው። ምራቴ ይሄን ስትሰማ ማድ ቤት ገብታ ትከሻዬ ላይ ግንባሯን ደገፍ አደረገችና «እማዬ፣ እዚሁ ልሁን» አለችኝ። እታለም፣ ሴት ልጅ አልወለድኩም፤ «እማዬ» ብላ ስትጠራኝ ያን ዕለት የመጀመሪያዋ ነበር። እሑድ እስኪያልፍ ለእኔ እንቅልፍ የለም አልኩ።

አሁን ወደ ሥራ ቦታዬ ልውሰድሽ። የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያና ወጥ ቤቱ አንድ ግድግዳ ነው የሚለያቸው፤ እኛ እንፋሎት እንልክላቸዋለን፣ እነሱ የጥብስ ሽታ ይመልሱልናል። ሼፉን ጢሙ ደረቱ ላይ ስለሚወርድ «ጢሞ» ነው የምንለው። ረጅሙን ነጭ ቆቡን ከእኔ በቀር ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። ጨርቅ የሚያጠነክረው ስታርች ውስጥ ነክሬ፣ በትኩሱ ተኩሼ፣ እንደ ሻማ ቀጥ አድርጌ ነው የምሰጠው። በዚያ ሳምንት ቆቡን ሊወስድ መጣና አገላብጦ አይቶ «እናት ዓለም፣ ምን ሆነሽ ነው? ቆቤ አንገቱን ደፍቷል፤ አንቺም እንደዚሁ» አለኝ። ከአፉ ቀበል አድርጌ የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ታውቂኛለሽ፣ የሚሰማኝ ሰው ካገኘሁ ልብስ መተኮሻው ሲቀዘቅዝ እንኳ አይታወቀኝም።

ጢሞ ሰምቶ ሲያበቃ ምን አለኝ መሰለሽ? «ስህተትሽ በዋናው ምግብ መለመንሽ ነው። የተቀየመ ሆድ ብይ ሲሉት ይብስበታል። አንቺ ስጋሽን ለእንግዳሽ ጥበሺ፤ ልጅቷን ምንም አትበያት። ከስጋው ጎን ድንች በወተት አቅርቢ። የጎን ምግብ ማንንም አያስፈራም፤ ዓይኑን ሰበር አድርጎ ነው የሚቀርበው።» ከዚያ አሠራሩን ነገረኝ። ድንቹን ልጠሽ ስስ ስስ አድርገሽ ትቆርጫለሽ። ትሪውን ቅቤ ቀብተሽ ድንቹን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱን በአንዱ ላይ እያነባበርሽ ትደረድሪያለሽ። ጨው፣ ገውዝ የሚሉትን ቅመም በጣም ትንሽ ፈቅፍቀሽ፣ ወተት ድንቹን እስኪያለብሰው፣ ከላይ ፎርማጆ፣ ያን የፈረንጅ አይብ፣ በተን አድርገሽ፣ በፎይል ሸፍነሽ ኦቭን ውስጥ በዝግታ ማብሰል ነው። ሽንኩርት የለም፣ ቁንዶ በርበሬ የለም። «ወተቱ ከድንቹ ጋር ተጣብቆ እንደ ኬክ በቢላዋ ይቆረጣል» አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ጣቱን ቀስሮ አስጠነቀቀኝ፤ «ከቆረጥሽው በኋላ ውሃ እንዳታስነኪው!» ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። እሺ እሺ ብዬ ወጣሁ። እኔ ማውራት እንጂ መጠየቅ መቼ ለምዶብኝ!

እሑድ ጠዋት ባለቤቴና እኔ ማድ ቤት ገባን። ኦቭናችን በሯ ካልተደገፈ አትዘጋም፤ የመመገቢያውን አንድ ወንበር አስደግፈንባት ነው የምትሠራው፤ ስለዚህ የተጋገረ ነገር ባለ ቀን አንድ ሰው ቆሞ ይበላል። ባለቤቴ ድንቹን መሪ እንደሚያዞር እያዞረ ይልጣል፤ እኔ እቆርጣለሁ። «ተይ እንጂ ፍጥነት ቀንሺ፤ ኩርባ ላይ ነን» እያለ ያስቀኛል። ጭንቀቴን ሊያስረሳኝ እንደሆነ ገብቶኛል።

አሁን ስሚኝ፣ እታለም። ልጅ ሆኜ በርጩማ ላይ አቁመሽኝ ድንች ስታሳጥቢኝ የምትይውን ታስታውሻለሽ? «አንደኛው ውሃ ለአፈሩ፣ ሁለተኛው ለእጅሽ፣ ሦስተኛው ለእንግዳው።» ሁለተኛው ላይ ካቆምኩ ጆሮዬን ትቆነጥጪኝ ነበር። እኔም ይኸው ምራት ያገኘሁ ትልቅ ሴት ሆኜ፣ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ የተቆረጠ ነገር ካየ እጄ እኔን ሳያማክር ቧንቧ ይከፍታል። ባለቤቴ ያስቀኛል፣ እጄ ያጥባል። ነጭ ነጩ ውሃ ወረደ፤ ደግሞ ሞላሁ፤ ደግሞ ደፋሁ። ሦስተኛው ውሃ እንደ መስታወት ሲጠራ «ጎሽ!» አልኩ ራሴን። ጢሞም ጣቱም ትዝ አላሉኝም። ደርድሬ፣ ወተቱን አፍስሼ፣ ወንበሬን አስደግፌ ስጋዬን ወደ መጥበስ ዞርኩ።

እናቷ በሰዓቷ መጣች። ምን ይዛ መሰለሽ? ሻንጣ። በአንድ እጇ አንጠልጥላ ስትገባ እንደ ላባ ቀላል ነበር፤ ባዶ ነው። በሩ ሥር አቆመችው። ልጄ ሻንጣውን አየና ወደ መሬት አቀረቀረ። ምራቴ ውስጥ ተኝታ ነበር፤ የስጋው ሽታ እንዳይደርሳት በሩን ዘግተንባታል። ገበታ ቀረበ። ትሪውን አምጥቼ ፎይሉን ስገልጠው ክው አልኩ። የምን ኬክ፣ የምን በቢላዋ መቁረጥ! ወተቱ እንደ ሐይቅ ተኝቷል፤ ድንቹ እላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ፎርማጆው ሰምጧል። ባለቤቴ አንገቱን አስግጎ አየና «ይሄ ድንች ዋና የት ተማረ?» አለ። ሴትዮዋ ደግሞ በማንኪያዋ ነካ አድርጋ «የጎን ምግብ ያልሽኝ ይሄ ነው? እንቀዝፍበት ወይስ እንብላው?» አለችኝ። እኔ የምሸነፍ መስሏት ነው? ዓይኔን በጨው አጥቤ «በእኛ ቤት እንዲህ ነው የሚሠራው» አልኳት። ልቤ ግን የዚያ ሻንጣ ዚፕ ሲከፈት ይሰማዋል።

ይሄኔ የውስጡ በር ተከፈተ። ምራቴ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ብቅ አለች። «ምንድነው የሸተተኝ?» አለች። እናቷ ሳፋ ልታመጣ ብድግ አለች፤ እኛ ቤት ያን ሰሞን «ሸተተኝ» ማለት «ሳፋ አምጡ» ማለት ነው። ልጅቷ ግን እጇን አፏ ላይ አልጫነችም። ወደ ትሪው ጎንበስ አለችና «እማዬ፣ ከዚህ ከወተቱ በኩባያ ስጪኝ» አለች። እኔም ዞርኩ፣ እናቷም ዞረች፤ እማዬ የተባለችው የትኛዋ እንደሆነች ማንም አልጠየቀም። ቀዳሁላት። ፉት አለች። ደግማ ፉት አለች። ባለቤቴ ስጋውን ጉንጩ ውስጥ እንደያዘ ማኘኩን ተወ። ኩባያውን ጨረሰችና ድንቹን በሹካ ፈጭታ መብላት ጀመረች፤ እንደ ሰው፣ ሳትቆነጥር። «ጨምሪልኝ» አለች። ጨመርኩላት። ከዚያ ቁጭ ብለን ጠበቅን። የምንጠብቀውን ሁላችንም እናውቃለን። እሷ ምን አደረገች? አፏን በእጇ ከልላ አዛጋችና «ሞቅ አለኝ፤ ልተኛ ነው» ብላ ሄደች። እንቅልፍ ጥርግ አድርጎ ወሰዳት። የበላችው ሆዷ ውስጥ አደረ!

ሴትዮዋ ዓይኗን በጨርቅ እየጠረገች «ድንቹን ምን ብታደርጊው ነው?» አለችኝ። «አጥቤው ነው» አልኳት። «ስንት ውሃ?» «ሦስት።» ራሷን ነቀነቀች። ከወንበሯ ተነሥታ ሻንጣውን ከበሩ ሥር አነሣችና እንግዳ ክፍል አስገባችው። ልጇን ልትወስድ ሳይሆን ራሷ ልትሰነብት ነው።

ሰኞ ለጢሞ ስነግረው ሳቁ ማጠቢያ ማሽኖቹን አስናቀ። «እናት ዓለም! ቆቤን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ምንድነው?» አለኝ። «ስታርች ነዋ» አልኩ። «ታዲያ ወተቱን የሚያቆመው ምን መስሎሽ ነበር? ያ ነጭ ነጩ ውሃ እኮ የድንቹ ስታርች ነው! ጠዋት ማታ በስታርች የምትኖሪ ሴት፣ አጥበሽ በቧንቧ ትለቂዋለሽ?» አፌን በእጄ ያዝኩ። እሱ ግን ሳቁን ሲጨርስ «የሚጠቅማትን ሆዷ መርጧል፤ እንዳትነኪው» አለኝ። ሲወጣ ደግሞ ዞር ብሎ «ቆቤን ግን ሦስት ውሃ እንዳታጥቢብኝ» አለ።

ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ሁለት ትሪ ነው የሚገባው። አንዱ ያልታጠበው ነው፤ «የቆመው» እንለዋለን፤ እንደ ኬክ እየቆረጥን ከስጋ ጎን እንበላዋለን፤ እውነቱን ለመናገር ጢሞ አልዋሸም፣ ከላይ ቡናማ ሆኖ ጠርዙ ሲንኮሻኮሽ ጣት ያስቆረጥማል። ሌላው «የዋኘው» ነው፤ የምራቴ። እናቷ የሰነበተችበትን ሳምንት ሙሉ አጠገቤ ቆማ ተማረች፤ በገውዙ ብዛት ተጨቃጨቅን፣ በእሳቱ ተጨቃጨቅን፣ በመጨረሻ ሁለታችንም አንድ ሽርጥ ተካፍለን ድንች ስንልጥ ባለቤቴ «ተጠንቀቁ፣ ሁለት ሾፌር አንድ መሪ ላይ» አለን። ነርሷ በቀጠሮው ልጅቷን መዝና «ምን አበላችኋት?» ብላ ጠየቀች። ልጄ አፉን ሞልቶ «የታጠበ ድንች!» አላት። የልጄ ፊት በራ፤ የእኛም ቤት በራ። አሁን ምራቴ ሌላውንም ምግብ ቀስ በቀስ ጀምራለች፤ ሆዷ ገፍቷል፣ ጉንጯ ተመልሷል፤ ጋውኗ በተራው አልዘጋ ብሏት እኔ ነኝ ቁልፉን ያዛወርኩላት።

እናቷ ስትሄድ ሻንጣውን ትታው ሄደች። «የሕፃኑን ልብስ አስቀምጪበት፤ ምጥ ሲመጣ ተሸክማችሁት እንድትሮጡ» አለች። እኔም ትንንሾቹን ካናቴራዎችና ጨርቆች እያጠብኩ፣ እየተኮስኩ፣ እያጣጠፍኩ እየከተትኩ ነው። ያለ ስታርች ነው፣ አትስጊ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ሁሉንም ሁለት ሁለት ውሃ ብቻ ነው ያጠብኳቸው። አንደኛው ለአፈሩ፣ ሁለተኛው ለእጄ። ሦስተኛውን ትቼዋለሁ። በጠራሁሽ ቁጥር «ዶሮዎቼን ለማን ጥዬ» ትያለሽ፤ ዶሮዎቹን ጋሼ ይጠብቋቸው፣ መነጽራቸውን ካገኙ። ሦስተኛው ውሃ ለእንግዳው ነው ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ እንግዳው ደግሞ እየመጣ ነው። መጥተሽ በገዛ እጅሽ እጠቢለት።

ጋሼን በጣም አድርጌ እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ለታላቁ ልጅሽ፣ አጎቱ አውቶቡሱን አንድ ቀን ያስይዝሃል ብሏል በይው፤ በቆመበት ማለቱ ነው። ለታናሿ ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ድንች መላጥ ከጀመረች ጆሮዋን አትቆንጥጪያት፣ በአፍሽ ብቻ ንገሪያት። ለጎረቤትሽ ለልብስ ሰፊዋ፣ የላከችው የሕፃን ኮፍያ ሻንጣው ውስጥ ከሁሉ በላይ ተቀምጧል በያት። ባለቤቴ፣ ልጄና ምራቴ ጉልበትሽን ስመዋል፤ በተለይ የሚንቋቋውን።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ፣
ኦቭኗን ከደገፈው ወንበር አጠገብ ቆሜ፣ ከማድ ቤታችን፣
እሑድ፣ ኅዳር ፲፱