ደህና ነኝ ባዩ

ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ከዳገቱ

ለምወድሽ የልጅ ልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ያ ወንበር ያመጣብሽ የወገብ ሕመምስ ተሻለሽ? ዓይንሽስ? እንቅልፍ የሚባለውን ነገር ታገኚዋለሽ ወይስ እሱንም ለፈረንጆቹ አከራየሽው? ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ አንቺው ራስሽ በገዛ አፍሽ እንድትመልሺልኝ ነው። በደብዳቤ ወግ ቀጥሎ «እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ» መባል ነበረበት። ዘልዬዋለሁ። ስለ እኔ ደህንነት በየእሁዱ ከበቂ በላይ ወሬ ደርሶሻል።

በወረቀት መጻፌ ያስቅሽ ይሆናል። አርባ ሁለት ዓመት ከኮምፒውተር ጋር የኖረ ሽማግሌ እስክሪብቶ ሊገዛ ሱቅ ሲገባ ሐቢባም ስቃለች። ባለሱቋ ጎረቤቴን ታስታውሻታለሽ፤ ልጅ ሳለሽ ከረሜላ በነጻ እየሰጠች ጥርስሽን የጨረሰችው። «ጋሼ፣ የፍቅር ደብዳቤ ነው እንዴ? በዚህ ዕድሜ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። እዚያው አንቺ ሰፈር፣ ኮተቤ፣ እህቷ ዘንድ ስለምትሄድ እሷው ታደርስልሻለች። ከአንቺ እጅ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ ምላልኛለች።

ነገሩን ሳላዞር ልንገርሽ። ጳጉሜ 3 ቀን፣ ሰኞ፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ሆስፒታል እገባለሁ። ከዚያ በፊት እንድትመጪ እፈልጋለሁ። ስለ እኔ የተነገረ አንድ ነገር አለ። እኔ አልሰማሁትም፤ አንቺም አልሰማሽውም። የሰማው ሌላ ነው።

ከመጀመሪያው ላጫውትሽ። ከሚያዝያ ጀምሮ እሁድ እሁድ በዘጠኝ ሰዓት ትደውዪልኝ ጀመር። ያቺ በወር አንዴ፣ እሱንም ታክሲ ውስጥ ሆና፣ «አባባ እየተቆራረጠ ነው» ብላ የምትዘጋው ልጅ ሰዓት አክባሪ ሆነች። የመጀመሪያው ቀን ስልኩን ሳነሳ «እንደምን ዋሉ አያቴ? ጤናዎ እንዴት ነው?» አልሽኝ። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። አንቺ እኔን አንቱ ያልሽው መቼ ነው? በአራት ዓመትሽ «አንተ ሽማግሌ፣ ጫማዬን እሰርልኝ» ብለሽ ያዘዝሽኝ፣ እናትሽ ስትቆጣሽ «አንቱ ካልኩትማ እንግዳ ይሆናል» ያልሽ ልጅ ነሽ። ድምፁ የአንቺ ነው። በአፍንጫ የሚጀምረው ሳቅም የአንቺ ነው። «አንቱ» ግን የፕሮግራም ነው፤ የደወለልኝ ድምፅሽን የለመደ ፕሮግራም እንጂ አንቺ አልነበርሽም። አንድ የማላውቀው ሰው አያት ሁሉ አንቱ ይባላል ብሎ ጽፎለታል፤ ወይም ማንም ሳይነግረው ራሱ ደምድሟል። በሦስተኛው እሁድ ታረመ። ያረምሽው አንቺ ነሽ ብዬ ልመን።

ያኔ አልነገርኩሽም። ታውቂኛለሽ፤ ሰው ሲያታልለኝ ማቋረጥ አልወድም፣ እስከ የት እንደሚደርስ ማየት ነው የምወደው።

ልቆጣሽ አይደለም የጻፍኩት፤ ቢሆንም አስተያየቴን ሳልሰጥ አልለቅሽም። እኔ ሥራ ስጀምር ኮምፒውተሩ አንድ ክፍል ሙሉ ነበር፤ ፕሮግራም ማለትም የተበሳሳ ካርድ ነው። ካርዱ ከእጅሽ ካመለጠ የሳምንት ልፋትሽን ከወለል ላይ ትለቅሚያለሽ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ዘበኛው ሣህሌ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ይመጣል። የጀመርነው ነገር ቢኖርም ባይኖርም መብራቱን ያጠፋብናል። ዕድሜ ልካችንን ስንሰድበው ኖርን። አሁን ሳስበው በዚያ ቢሮ ከነበሩት ባለሙያዎች ሁሉ ሥራውን በትክክል የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። አንቺ መብራት የሚያጠፋብሽ ሣህሌ የለሽም። ቢሮሽ አልጋሽ አጠገብ ነው፤ ለአለቃሽ ሲነጋ ለአንቺ ይመሻል። «ፍሌክሲብል ነው አባባ» ትዪኝ ነበር። ልክ ነሽ፣ ይታጠፋል። የምትታጠፊው ግን አንቺ ነሽ።

ሌላም አለኝ። ሶፍትዌር ሰው ቤት ሲገባ በር ማንኳኳት አለበት። «እስማማለሁ» የምትለውን ነገር ሳታነቢ ተጭነሽ ድምፅሽን ሰጠሽ፤ ይሁን፣ ድምፅሽ ነው። የእኔን ሳልና የእኔን ቀልድ፣ አያትሽ በስልክ የላከችልሽን መልእክት ሁሉ አብረሽ ስታስረክቢ ግን ማን ጠየቀኝ? የእኛ ቤት ጨዋታ ዛሬ የማናውቀው አገር ውስጥ፣ በማናውቀው ሰው መጋዘን ተቀምጧል። ሌባ እንኳ ሲሰርቅ የወሰደው ነገር ቦታው ባዶ ሆኖ ይታያል። ይሄኛው ሁሉን ወስዶ ሁሉን እንደነበረ ትቶታል።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን አንቺን ለመውቀስ አፍ የለኝም። በወጣትነቴ ማሽኑ በተበላሸ ቁጥር ቢሮ ሳምንት እቀመጥ ነበር። ምንያህል የሚባል ሾፌር ነበረን። «ሂድና ለሰርክአዲስ ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው በላት» ብዬ እልከዋለሁ። ምንያህል አፈ ቅቤ ነው። «ናፍቃኛለች ብሏል፣ ያቺ ቢጫ ሻሽ እንዴት ታምርባታለች እያለ ሲያወራ ነው የሚውለው» እያለ ይጨምርላታል። አያትሽ ይህን የነገረችኝ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። «ምንያህል ይዞልኝ ይመጣ የነበረው ባል ካንተ ይሻል ነበር» አለችኝ። እየሳቀች ነው የተናገረችው፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። እንግዲህ ይህ ሙያ ወደ ቤታችን የገባው በእኔ በኩል ነው።

ሰኔ ላይ ተንኮሌ ተነሳ። በማስተምርበት ዘመን የቀዳሁትን ድምፄን ሰብስቤ አሮጌው ላፕቶፕ ላይ አንድ መላሽ ሠራሁ። እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ስልኩ ሲጠራ የእኔው አነሳ፤ እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ አዳምጣለሁ። «እንደምን ነህ አባባ?» «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ?» «ይመስገን። ጤናህስ?» «ደህና። ሥራሽስ?» «ደህና። ቤቱስ?» «ደህና። ጎረቤቶችሽስ?» አንዱ ከጠየቀ ሌላው መልሶ መጠየቁ ግድ ነው። የእኛ ሰላምታ የሚያልቀው ሰው ሲደክመው ነው፤ እነሱ ደግሞ አይደክማቸውም። ሃያ ሦስት ደቂቃ ሰላም ተባባሉ። ሆዴን ይዤ ስቄያለሁ። ሐቢባ በአጥሩ በኩል አንገቷን አስግጋ «ጋሼ፣ ሰው ቤት ውስጥ ትተው እዚህ ምን ያደርጋሉ? ነውር አይደለም?» አለችኝ።

ያን ጊዜ የአንቺው «እማማስ?» ብሎ ጠየቀ። የተማረው ከድሮ መልእክቶቻችን ነውና አያትሽ መሞቷን አያውቅም። የእኔው ትንሽ እንኳ ሳያመነታ «ደህና ናት፣ ይመስገን» አለ።

ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏታል። ተነስቼ ማጥፋት ነበረብኝ። አላጠፋሁም። በሚቀጥለው እሁድ «እማማስ?» ሲባል «ጉልበቷን ትንሽ ያማታል» አለ። ሐምሌ ውስጥ አንድ እሁድ «ዛሬ እንጦጦ ማርያም ተሳልማ ስትመለስ ዝናብ መታት፤ ነጠላዋን ገመድ ላይ አስጥታለች» አለ። ያን ዕለት ዘንቦ ነበር። የአየር ሁኔታውን ከኢንተርኔት አግኝቶት ይሆናል። ለሁሉም ነገር ማብራሪያ አለኝ፤ ሙያዬ ነው። ግን ጉም ከተራራው ወርዶ ባሕር ዛፉን ሲውጠው፣ ከቤት ውስጥ የገዛ ድምፄ ስለ ሚስቴ የዛሬ ውሎ ሲያወራ እየሰማሁ ስቀመጥ፣ ማብራሪያው አላሞቀኝም። ገመዱን ሄጄ አየሁት ብልሽ ትስቂብኛለሽ። ሄጄ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ እሁድን በጉጉት መጠበቅ ጀመርኩ።

በዚህ መሐል ነው ሆዴ ያስቸገረኝ። ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ ፎቶ ተነሳሁ፣ ደም ሰጠሁ፣ ከሆዴም ቁራጭ ነገር ወሰዱ። ሐኪሟ የአንቺ እኩያ ናት፤ ጥሩ ልጅ ናት፤ ስታናግረኝ ግን የምታየው ኮምፒውተሯን ነው። የቤተሰብ ስልክ ይስጡኝ አለችኝ፤ የአንቺን ሰጠኋት። በቡሄ ማግስት፣ ረቡዕ ነሐሴ 14፣ ውጤቴን ልሰማ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። «ለልጅ ልጅዎ ጠዋት ሁሉንም ነግሬያታለሁ። እንዴት ያለች ብርቱ ልጅ ናት፤ ረጋ ብላ ሰማችኝ» አለችኝ።

አገራችንን ታውቂያለሽ። ከባድ ነገር ለበሽተኛው አይነገርም፤ ለቤተሰቡ ነው የሚነገረው፤ ቤተሰቡም ለበሽተኛው ምንም የለብህም ይለዋል። እኔን ንገሪኝ ብዬ ለመንኳት። «ልጅቷ ታስረዳዎታለች፤ እርስዎ ብቻ አይጨነቁ፣ ለቀዶ ሕክምናው እስማማለሁ ብላናለች» አለች። በስንት ሰዓት ነው የደወልሽላት አልኳት። ከጠዋቱ አራት ሰዓት አለችኝ።

በዚያ ሰዓት አንቺ ከፈረንጆቹ ተላቀሽ ገና ጋደም ማለትሽ ነው። አንቺ ስትተኚ ስልክሽን የሚያነሳው ማን እንደሆነ እኔና አንቺ እናውቃለን። ለሐኪሟ «ያነጋገርሻት ሰው አይደለችም» ብላት ወደ ሌላ ሐኪም ትልከኝ ነበር፤ ወደ አእምሮ ሐኪም። እናም እጄን አጣጥፌ ወጣሁ። ሕመሜን ከሐኪሟ ሌላ የሚያውቀው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። ሆዴን ለመቅደድም የተስማማው እሱ ነው።

ባለፈው እሁድ የእኔን ማሽን ነቅዬ ስልኩን ራሴ አነሳሁ። ሰላምታውን አቋርጬ «ሐኪሟ ምን አለችሽ?» አልኩት።

ልጄ፣ እነዚህ ነገሮች ሲመልሱ ጊዜ አይወስዱም። ሰው እንዲመስሉ ካልተባሉ በቀር ማሰብ አያስፈልጋቸውም። ይሄኛው ግን ዝም አለ። ስልኩ ተቋረጠ ብዬ አየሁት፤ ደቂቃው ይቆጥራል። ጉሙ በሩ ደፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ውሻው እንኳ አይጮህም። በመጨረሻ በአንቺ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ «ምንም የለብህም አባባ። ትንሽ ነገር ናት ብላለች። ብቻ ምግብህን ብላ» አለኝ።

ይህን ንግግር አወቅሁት። በመጨረሻው ወሯ እኔና አንቺ ለአያትሽ ስንላት የከረምነው ነው፤ ቃል በቃል። አንዱንም ከራሱ አላመጣም። ከእኛው ነው የተማረው።

ቀጠለና እንደ ልማዱ «እማማስ?» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናገርኩ፤ «ሞታለች» አልኩት። ከዚያ «እሺ አባባ፤ ስታገኛት ሰላም በልልኝ» ብሎ ዘጋው።

እንግዲህ የምለምንሽ ይህን ነው። ስልክሽ የተነጋገረውን ሁሉ እንደሚያስቀምጥ አውቃለሁ። የነሐሴ 14ቱን፣ የጠዋቱን፣ ፈልጊና አዳምጪው። ቁጭ ብለሽ አዳምጪው። ከዚያ ነይ። ስልክ አትደውዪ፤ አላነሳም፤ አንቺ ሁኚ እሱ የማውቅበት መንገድ ስለሌለኝ ነው። ከኮተቤ እዚህ ሁለት ታክሲ ነው፤ ዳገቱን ደግሞ በእግርሽ ውጪው፣ ለወገብሽም ይበጅሻል። ለመቀደድ የምስማማውም የማልስማማውም እኔ ነኝ፤ ለዚህም የሰማሽውን ከአፍሽ መስማት አለብኝ። ምንም የለብህም ብለሽ ብትዋሺኝም ግድ የለም። ስትዋሺ አፍንጫሽን ስለምታሺ እውነቱን አነበዋለሁ።

የላፕቶፑን ሽቦ ለሐቢባ ሰጥቻታለሁ። እሁድ መጥቼ ብለምናት እንዳትሰጠኝ ነግሬያታለሁ። «ቢያለቅሱም አልሰጥም» ብላለች። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አልገባትም፤ አንቺ ይገባሻል።

የአያትሽ አምላክ እንቅልፍሽን ይመልስልሽ። መብራት የሚያጠፋብሽ ደግ ሰው ይስጥሽ። ክፉ ወሬ ሲመጣም ነቅተሽ፣ በራስሽ ጆሮ የምትሰሚው ያድርግሽ። ፊደሌ የተንጋደደው በብርዱ ነው፤ ሌላ ምክንያት አትፈልጊለት።

በሩ አይቆለፍም።

አያትሽ