ዘጠና ላይ የሚፈላ ውሃ

ሰኞ

ጥርሴን ሳላስነቅል ተመለስኩ። አንገቴ ላይ ያሰሩልኝን ወረቀት በጥሼ ከወንበሩ ወረድኩ። ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ ከሐኪም ወንበር ሸሽቼ አላውቅም።

ዶክተር ብርሃኑ መንቀያውን ያወጣው ከድስት ነው። ከድስት! ጥግ ላይ ቡታጋዝ፣ በላዩ ክዳኑ የተጣመመ ድስት። ከእኔ በፊት የገባው የበየዳ ገበሬ ደም እየተፋ ሲወጣ አይቼዋለሁ። ያው መንቀያ ከእሱ አፍ ወጥቶ ውሃ ገባ፤ ከውሃው ወጥቶ ወደ እኔ አፍ መጣ።

«ስንት ደቂቃ ፈላ?» አልኩት።

«ሃያ ደቂቃ፣ ሲስተር። አይስጉ።»

ሰዓቴን ይዤ ነበር። እውነቱን ነው፣ ሃያ ደቂቃ። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ አልዋሸም። ደባርቅ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ መቶ ዲግሪ ሳይደርስ እንደሚፈላ ማንም አልነገረውም።

አውቶክሌቩ፣ ዕቃ በታመቀ እንፋሎት የሚያመክነው ማሽን፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ዳንቴል አልብሰውታል። ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ። ከበላዩ ግድግዳው ላይ «መስፈርቱን ያሟላ» የሚል ባለ ማኅተም ወረቀት በመስተዋት ተሰቅሏል። ሠላሳ አንድ ዓመት በቀዶ ጥገና ክፍል ዕቃ ያመከንኩት ይህን ለማየት ነው?

ሐዲስ ቅዳሜ ከዳባት ይመጣል። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ መሪጌታ ነው፤ ስኳር አለበት። ሁለት መንጋጋ የሚያስነቅለው እዚያው ወንበር ላይ ነው። ቦታውን የነገርኩት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ

ጤና ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ተቆጣጣሪው ፋይሉን አውጥቶ ቅጹን አሳየኝ። «አውቶክሌቭ አለ?» ለሚለው «አለ» ላይ ምልክት ተደርጓል።

«ይሠራል ወይ የሚለውስ?»

«እሱ ጥያቄ ቅጹ ላይ የለም፣ እማማ።»

እማማ። እሺ። ስለ ደባርቅ ከፍታ ላስረዳው ስሞክር ፈገግ አለ። «ውሃ ከፈላ ፈላ ነው፤ እዚህም ሆነ አዲስ አበባ።» የኮሌጅ ዲግሪ ያለው ሰው ነው ይህን የሚለኝ።

ማመልከቻ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት፤ ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ለመንግሥት መሥሪያ ቤት አልሰጥም። ኮሚቴው በሁለት ሳምንት ውስጥ ያየዋል ተባልኩ። ለቅዳሜ አራት ቀን ነው የቀረው።

ለሐዲስ ደወልኩ። «ተው፣ ጎንደር ሄደህ ተነቀል» አልኩት። «እህት ዓለም፣ ደባርቅን የመረጥሽልኝ አንቺ ነሽ» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ እንኳ ጉንጩ እንዳበጠ በስልኩ ይሰማል።

ረቡዕ

ከሣጥኑ ሥር ቴርሞሜትሩን አወጣሁ። ጡረታ ስወጣ ሳልመልሰው ያስቀረሁት የመንግሥት ንብረት ነው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ እዚህ ጻፍኩት፤ ይኸው።

ውሃ ጣድኩ። ፈላ፣ ተንተከተከ። ቴርሞሜትሩን አስገባሁ። ዘጠና። ሩብ ሰዓት ጠበቅሁ። ዘጠና።

የነርስ ትምህርት ቤት መምህራችን ጣታችንን በማስመሪያ እየመታች «የምታነቡት መጽሐፍ የተጻፈው ባሕር ጠረፍ ላይ ነው፤ የምትሠሩት ግን ተራራ ላይ ነው» ትለን ነበር። ያን ጊዜ ጠላኋት። ዛሬ እጇን ብስም ደስ ይለኛል።

ሐሙስ

ቴርሞሜትሩን በፎጣ ጠቅልዬ ክሊኒክ ሄድኩ። ተራ የሚጠብቁ አራት ሰዎች ነበሩ። ይስሙ ብዬ በሩን አልዘጋሁም።

«ያው ድስትህ ነው፤ ራስህ አንብበው» አልኩት ብርሃኑን፣ ቴርሞሜትሩን የሚፈላው ውሃ ውስጥ ከትቼ።

አነበበ። አውጥቶ ጠራረገው፣ እንደገና አስገብቶ አነበበ። «ቴርሞሜትሩ አርጅቶ ይሆናል፣ ሲስተር።»

«እኔም አርጅቻለሁ። ሁለታችንም ግን አልተሳሳትንም።»

የጥርስ ክፍሉ ነርስ የዝና ናት ያዳነችኝ። የአዲ አርቃይ ልጅ ናት፣ የቆላ። «እውነቷን ነው ዶክተር! እናቴ እዚህ በመጣች ቁጥር ባቄላው አልበስል ይላታል። የደባርቅ እሳት ሰነፍ ነው ትላለች። እኛ አገር እኮ ወዲያው ነው የሚፈርሰው» አለች። ተራ ጠባቂዎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ፊቱ ተለወጠ፤ የስንት ሰው ጥርስ እንደነቀለ እያሰበ መሰለኝ።

«እንግዲያው አርባ ደቂቃ ላፍላው?»

«ቀኑን ሙሉ ብታፈላውም ማፍላት ማፍላት ነው፤ ማምከን አይደለም። ዳንቴሉን አንሣ።»

የአውቶክሌቩ ክዳን ጎማ አልቆ እንፋሎት ያስወጣል። አዲሱ ጎማ ግን መሳቢያ ውስጥ ከእነ ላስቲኩ ተቀምጧል! ጮኽኩ። እሱም ጮኸ። «አንድ ዙር ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል! በገበያ ቀን የበየዳ ሰዎች መኪናቸው ዘጠኝ ሰዓት ይነሣል። ካልነቀልኩላቸው አገራቸው ገብተው በጉጠት ነው የሚነቀሉት። እርስዎ ያውቁታል!»

አውቃለሁ። ይህም አናደደኝ።

ዓርብ

ጎማው ገባ። ማሽኑ በቡታጋዝም ይሠራል፤ መብራት ጠፋ የሚል ሰበብ የለም።

መጀመሪያ ማሽኑ ላይ እንደተጻፈው ግፊቱን አሥራ አምስት ፓውንድ ላይ አደረጉት። ጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው፣ በትክክል ሲመክን የሚጠቁረው ፕላስተር ፈዛዛ ቡናማ ሆኖ ወጣ። «ጠቁሯል» አለ ብርሃኑ። «አልጠቆረም» አልኩት። ለእኛ ከፍታ ሃያ ድረስ ማስጠጋት እንዳለበት ነገርኩት። ክዳኑ የሚችለውን መጠን ከማሽኑ መመሪያ አረጋግጦ ከፍ አደረገው። በሁለተኛው ዙር ፕላስተሩ ከሰል መሰለ። የዝና እልል አለች። እኔም ደስ ብሎኛል።

ያለው መንቀያ ለስምንት ጥቅል ይበቃል። ተስማማን፤ ስምንት ጥቅል፣ ስምንት ሰው። ከዚያ ሁለተኛው ዙር እስኪደርስ ማንም አይገባም። ማንም። ድስቱን የዝና ይዛው ወጣች።

ቅዳሜ

ሐዲስ ቅዳሴ ሳልቆም አልመጣም ብሎ ረፈደበት። ሲደርስ ስምንቱ ጥቅል አልቋል፤ ሁለተኛው ዙር ገና መጣዱ ነው። በረንዳው ላይ አሥር ሰው ቀርቷል። ሁሉም ተነሡ። «መሪጌታ ቆመው እኛ እንቀመጥ? ይግቡ፣ ይግቡ!» መስቀል እንዳየ ሰው ጎንበስ እያሉ ተራቸውን ሰጡት። ጋቢውን ጉንጩ ላይ ይዞ ገባ። አንድ ዓይኑ ሊከደን ደርሷል።

ብርሃኑ አየኝ። ቀስ ብሎ «ለእሳቸው ብቻ አንዱን ላፍላ፣ ሲስተር? አርባ ደቂቃ» አለኝ።

«አይሆንም» አልኩ።

ሐዲስ ሰማ። «ለእኔ ነው የምትከለክይ?»

«በተለይ ለአንተ! ስኳር አለብህ፤ ሂድና ተቀመጥ!»

በረንዳው ላይ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩን። ቤት ውስጥ አንተ እለዋለሁ፤ አሳድጌዋለሁ። በሰው ፊት ግን፣ መሪጌታ ከሆነ ወዲህ፣ አንድ ቀን እንኳ ከእርስዎ ወርጄ አላውቅም። ተማሪዎቹም አባቶቻቸውም ባሉበት ከተማ፣ በገበያ ቀን፣ እንደ ሕፃን ገሠጽኩት። ወጥቶ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ከሩብ ግድግዳ ሲያይ ቆየ።

እሱን ያዩ ሌሎቹ አልተንጫጩም። «መሪጌታን ያስጠበቀ ቤት እኛንማ» ሲል አንዱን ሰማሁት።

ሁለተኛው ዙር ወጣ። ፕላስተሩን ጥቅል በጥቅል መስኮት ላይ አየሁ። ጥቁር። ሐዲስ መጀመሪያ ገባ። ሁለቱም መንጋጋዎች ወጡለት።

መኪናው ሲነሣ ሦስት የበየዳ ሰዎች ሳይነቀሉ ሄዱ። አንዲቱ ጉንጯን ይዛ ታለቅስ ነበር። ለሚመጣው ገበያ የመጀመሪያውን ተራ የዝና ጻፈችላት። እዚያ ጉጠት የያዘ ሰው እንዳይቀድመን እፈራለሁ። ይህ የእኔ ውሳኔ ነው፤ በማንም አላላክክም።

ሐዲስ ሳይሰናበተኝ ዳባት ገባ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደወልኩለት። አላነሣም። እንደገና ደወልኩ። አላነሣም። ስኳር ያለበት ሰው፣ ሁለት ቁስል አፉ ውስጥ፤ ምን ዓይነት ኩርፊያ ነው? ብቻዬን ስናደድ ዋልኩ። ማሽኑን አሰብኩ፣ ፕላስተሩን አሰብኩ፣ ያላየሁት ነገር ይኖር ይሆን ብዬ እያንዳንዱን እርምጃ ደገምኩ።

አሥር ሰዓት ላይ ራሱ ደወለ።

«ይቅር በሉኝ» አልኩት፣ ማንም ሳይሰማን። «ይቅርታ የምጠይቀው አንተ ስላልኩዎት ነው። ስላስጠበቅሁዎት አይደለም።»

«ከተማው ሁሉ ሰምቷል» አለ።

«ሰምቷል። እብጠቱስ?»

«ጎድሏል። ሽሮ በላሁ።»

ዘጋው። ትኩሳት አለው ወይ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ነገ ጠዋት እጠይቃለሁ። ሦስት ቀን ሳይሞላው ድኗል አልልም።