ከኋላ ወንበር የተነሣው ካርድ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለህ፣ ወይስ ዛሬም ሸክሙን ራሴ ካላነሣሁ እያልክ ነው? ባለቤትህስ፣ መንትዮቹስ፣ አማትህስ እንዴት ናቸው? እኛ ደህና ነን። እማማ ጉልበቷን ታማርራለች፤ አፏ ግን እንደ ወትሮው ስለት ነው። እኔም ከክርና ከዚፐር ጋር ስታገል እውላለሁ።

የምጽፍልህ የደስታ ወሬ ነው፤ ከመጀመሪያው ካልነገርኩህ ግን አይገባህም። እንዳልዘባርቅ የቀን ማስታወሻዬን ከፍቼ እያየሁ ነው።

የታናሻችን የሚጢጢ ጆሮ መድከም ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ደብቀንህ ነበር። «እንዳትነግሪው፣ ሥራውን ጥሎ ይመጣል» ብላ አስምላኝ ነው። ጆሮዋ ላይ የምታደርገው መሣሪያ ለቤት ወሬ ይበቃታል። አርባ ስድስት ልጅ በምታስተምርበት አምስተኛ ክፍል ግን ጫጫታውን እንጂ የሒሳቡን መልስ አያመጣላትም። ርዕሰ መምህሩ ይህን አይተው፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ማስተማሩን ትተሽ ቤተ መጻሕፍቱን ያዢ አሏት። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ማዘናቸው ነው። እሷ ግን ያን ቀን ሱቄ መጥታ የአዝራር ካርቶን ላይ ተቀመጠችና፣ «ዐሥራ አንድ ዓመት አስተምሬ አሁን መጽሐፍ ላራግፍ?» ብላ አለቀሰች።

እኔ እንደምታውቀኝ ለለቅሶ ሰነፍ ነኝ። እንባዋን እስክትጨርስ ጠብቄ፣ በዓይን የሚሠራ ነገር እንፈልግ አልኳት። መጀመሪያ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር መተግበሪያ ስልኳ ላይ ጫንን። አንድ ሰው ብቻውን ሲናገር ጎበዝ ነው፤ ክፍል ውስጥ ግን አንዱ ተማሪ «አልገባኝም» ሲል «አልጋ ገዛሁ» ብሎ ጻፈላት። እሱን ለቤት አስቀረነው።

ጉዱ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ጥቁር ምልክት የታተመበት የወረቀት ካርድ ይይዛል። በካርዱ አራት ጎኖች ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተጽፏል። መልሱ «ለ» የመሰለው ልጅ «ለ»ን ወደ ላይ አድርጎ ካርዱን ያነሣል። እሷ ክፍሉን በስልኳ ካሜራ ስትቃኝ የእያንዳንዱ ስም ከነመልሱ ይወጣላታል፤ ያገኘው አረንጓዴ፣ የሳተው ቀይ ሆኖ። ልጆቹ ስልክ አያስፈልጋቸውም፤ የሁሉም ምልክት ስለሚለያይ መኮራረጅም የለም። ወደደችውና ርዕሰ መምህሩን፣ ሐሙስ መጥተው ይዩኝና ከዚያ ይወስኑ አለቻቸው።

ሰኞ ስትሞክረው ስልኩ ያነበበው ዐሥራ ዘጠኝ ልጅ ብቻ ነው። ማስታወሻዬ ላይ «ጥፋቱ የኔ» ብዬ ጽፌያለሁ። ዕቃ ይበርክት የሚል የነጋዴ አመሌ ይዞኝ፣ ሳላማክራት ካርዶቹን በሙሉ በላስቲክ ላሚኔት አስደርጌያቸው ነበር። ለካ ብርሃኑ ላስቲኩ ላይ እያንጸባረቀ ምልክቱን ያጠፋዋል! ማክሰኞ በተራ ወረቀት እንደገና አሳተምን። እንዳይታጠፍ የዚፐር ካርቶን እየቆረጥኩ ከጀርባው ለጠፍኩበት። እማማ ሙጫ እየቀባች፣ «እኔንስ መቼ ነው አምስተኛ ክፍል የምታስመዘግቡኝ?» ትለናለች።

ሐሙስ ርዕሰ መምህሩ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ትርፍ ካርድ ካለሽ ለእኔም ስጪኝ ብለው ያዙ። እሷ ሰሌዳው ላይ ግማሽ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ ሦስት አምስተኛና አምስት ስምንተኛ ጻፈችና፣ ትልቁ የቱ ነው ብላ ጠየቀች። ካርዶቹ ተነሡ። ሁልጊዜ እየጮኸ የሚመልሰው ልጅ ቀይ ወጣ፤ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቅ ልጅ አረንጓዴ ወጣች። ሃያ ሁለቱ ስተዋል፤ አብዛኞቹ መልሱን ሁለት ሦስተኛን ትተው፣ ቁጥሮቹ ትልልቅ ስለሆኑባቸው አምስት ስምንተኛን መርጠዋል። ርዕሰ መምህሩ መጥተው ስልኩን አዩና፣ «ይሄ መጨረሻ ላይ ያለው ቀይ ማነው?» አሏት። «የኋላ ወንበሩ ተማሪ ነው፤ ጎበዝ ነው፣ ይቸኩላል እንጂ» አለቻቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁን በደንብ ባትሰማውም የሁሉንም ጥርስ አየችው።

ከዚያ ልጆቹን ወረቀት እያሳጠፈች አስረዳችና ደግማ ጠየቀች። ቀይ የቀሩት ሦስት ናቸው፤ የኋላ ወንበሩም ተማሪ አረንጓዴ ሆነ። ርዕሰ መምህሩ ሲወጡ ያሏትን ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፦ «እኔ ገባችሁ ስል አዎ ሲሉኝ እየሰማሁ ሃያ ዓመት አስተማርኩ። ስንቱ እንዳልገባው ዛሬ ነው የጠረጠርኩት። ክፍልሽን ያዢ።» እንዲያውም ነገ ቅዳሜ ለሌሎቹ መምህራን ታሳያለች። ወሬውን ይዛ ሱቅ ስትገባ ለደንበኛ ዳንቴል እየለካሁ ነበር። ከነሜትሬ አቅፋ አሽከረከረችኝ። ደንበኛዋ ምኑም ሳይገባት አብራን ሳቀች።

አሁን ንገሪው ስላለችኝ ነው የነገርኩህ። መቆጣት ካማረህ እኔን ተቆጣ፣ እሷን ተዋት። ከእንግዲህ ስትደውል በምስል ደውል፣ መብራት ፊትህ ላይ ይሁን፣ አትጩህ፣ ቀስ ብለህ ተናገር፤ ከንፈርህን ታነባለች። ሪዝህንም ከላይኛው ከንፈርህ ላይ ከፍ አድርገህ ከርክመው ብላለች። የመምህር ትእዛዝ ነው።

እማማ ግንባርህን ስማሃለች። ባለቤቴ ወገብህን ጠብቅ ይልሃል። ለባለቤትህ ናፍቆቴን፣ ለአማትህ አክብሮቴን አድርስልኝ፤ መንትዮቹን በሁለቱም ጉንጫቸው ሳምልኝ። ሚጢጢ ሰላምታዋን በምስል ራሷ ታቀርባለች።

እህትህ

ከሱቁ ባንኮኒ ላይ፣ ዓርብ ጠዋት፣ መጋቢት 12 ቀን