ከበሩ ጀርባ ስለተሰቀለው ቡናማ ኮት

ለቤተ ክርስቲያናችን የአለባበስ ሥርዓት አስከባሪ ኮሚቴ
ለተከበሩ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

የተከበሩ ሰብሳቢ ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና ያ እሑድ እሑድ የሚለብሱት ነጣ ያለ ሱፍዎ በመልካም ጤንነት ላይ እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔም ደህና ነኝ። ደህና አይደለሁም ብዬ እንዳልጽፍልዎ፣ ሐዘንተኛ እንዴት ባለ አነጋገር ማዘን እንደሚገባው ኮሚቴዎ ገና መመሪያ ስላላወጣ፣ ሳላውቅ ሥርዓት እንዳላፈርስ ፈራሁ።

ከረሱኝ ላስታውስዎ፤ ባለፈው ወር የቀበራችሁት መካኒክ ሚስት ነኝ። ደብዳቤዬን ሰው ሁሉ እንዲያነበው ማድረጌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። ባለቤቴ ከበር የተመለሰው በአደባባይ ስለሆነ፣ እርስዎን በጓዳ ማመስገን ውለታ ቢስነት መስሎ ታይቶኝ ነው።

ወደ ምስጋናዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልናገር፤ እኔ ለእግዚአብሔር ቤት አምሮ መሄድን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም። እናቴ በየሳምንቱ ቀሚሷን ተኩሳ ወንበር ላይ ትዘረጋው ነበርና፣ እኔ ልጅቷ ማንም ሳይነግረኝ ቀሚሱን አይቼ ብቻ ነገ የት እንደምንሄድ አውቅ ነበር። ሰው ለሚወደው ይለብሳል፤ በዚህ ከእርስዎ ጋር ጠብ የለንም። ጠባችን ሰው ወደሚወደው ሲሮጥ ልብስ መቀየር የረሳ እንደሆነ ምን ይደረግ በሚለው ላይ ነው። ይህን ካልኩ ዘንዳ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ከማስታወቂያዎችዎ ተረድቻለሁና።

1ኛ. ስለ መስታወቱ። በመግቢያው በር ጎን የሰው ቁመት የሚያህል መስታወት ሰቅለው፣ ከላዩ «ከመግባትዎ በፊት ራስዎን ይመልከቱ» ብለው ስላስጻፉልን እግዚአብሔር ይስጥልን። ቀድሞ እንገባ የነበረው አንገታችንን ደፍተን ስለነበር ምን እንደምንመስል ሳናውቅ ዕድሜያችንን ፈጅተናል። አሁን ጸሎቱ ተጀምሮ እንኳ ደጁ ላይ ሰልፍ አለ፤ አንዱ ክራባቱን ያጠብቃል፣ አንዷ ሊፕስቲኳን ታስተካክላለች፣ ሌላው ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ በጎን ራሱን ያያል። ከውስጥ «አሜን» ሲባል እነሱም ከመስታወቱ ፊት ሆነው አሜን ይላሉ።

2ኛ. ስለ ሥዕላዊው ማስታወቂያ። የማይፈቀዱትን ልብሶች አሥለው፣ በላያቸው ላይ ቀይ መስመር አስደርገው ስለለጠፉልን እናመሰግናለን። ጎረቤቴ እግራቸው በሕመም ያበጠ አሮጊት ናቸው፤ ከነጠላ ጫማ በቀር ምንም አይገባላቸውም። ሥዕሉን አላስተዋሉም ኖሮ በዚያው ጫማ መጥተው፣ የሚገባ ጫማ አድርገው እንዲመለሱ በትሕትና ተነገራቸው። ሴትዮዋ እግራቸውን ቤት ትተው መምጣት ስላልቻሉ እስካሁን አልተመለሱም። ከሥዕሎቹ መካከል ደግሞ ቱታ የለበሰ ሠራተኛ አለ። ሠዓሊው ለሰውየው ፊት ሳይሠራለት ነው ቀዩን መስመር ያሰመረበት፤ እኔ ግን ከትከሻው ስፋት ማን እንደሚመስል ለይቼዋለሁ።

3ኛ. ስለዚያ ረቡዕ። ይህ ትንሽ ይረዝማልና ከተመቸዎ ወንበር ላይ ይሁኑ።

ወንድ ልጃችንን ከቀበርን ወዲህ ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ረግጦ አያውቅም ነበር። ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፎ ነበር። ስለምነውም፣ ሳለቅስበትም፣ ስቆጣውም ወይ ፍንክች። እሑድ እሑድ ሱፉን ተኩሼ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጥለታለሁ፤ ከጸሎት ስመለስ እንዳስቀመጥኩት አገኘውና መልሼ እሰቅለዋለሁ። ስለዚህ ሰውየው ሱፍ አጥቶ እንዳይመስልዎ። ሱፉም ነበረው፤ ካልሲው ሳይቀር ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር።

በዚያ ረቡዕ ሴት ልጃችን ምጥ ጠንቶባት ሆስፒታል ነበረች። ሐኪሞቹ ከእናትና ከልጅ አንዳቸውን ብናተርፍ ጥሩ ነው ብለውን ነበር። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ እሱ መቀመጥ አልሆንልህ ቢለው ጋራዥ ሄዶ ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ገብቷል። ሁለቱም ተረፉ ብዬ ስደውልለት ከመኪናው ሥር ወጥቶ፣ እጁን በናፍታና በዱቄት ሳሙና እስከ ክንዱ ፈትጎ ታጠበና ወደ ልጁ ሳይሆን መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጠ። የቀትር ጸሎት ላይ ነበራችሁ። ስንት ዓመት ሙሉ በእንባ የለመንኩት ነገር፣ የተከበሩ ሰብሳቢ፣ በሰማያዊ ቱታ በራችሁ ላይ ቆሞ ነበር።

በሩ ላይ ያቆሙት ወንድም ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ እርሱንም ስለዚህ አመሰግናለሁ። ባዘዙት መሠረት፣ ያለ ሥርዓት ለሚመጡ ተብለው ከበሩ ጀርባ ከተሰቀሉት ኮቶች ቡናማውን አውርዶ ሰጠው። ባለቤቴ ኮቱን ተቀበለ፤ አገላብጦ አየው፤ የገዛ ትከሻውን አየ፤ መልሶ ሰጠው። ግሪስ አለብኝ፣ የሰው ኮት አበላሻለሁ፣ ከኋላ ቆሜ አንዴ አመስግኜ ልውጣ ብሎ ለመነ። ወንድምየው ቢጨንቀው እርስዎን አየ። እርስዎም ከፊተኛው ወንበር ዘወር ብለው፣ ጸሎቱን ላለመረበሽ ድምፅ ሳያሰሙ፣ በጣትዎ አይሆንም አሉ። ይህን የነገረኝ ራሱ በረኛው ነው፤ እያለቀሰ።

ከዚያ ወደ ሆስፒታል መጣ። ንጽሕና የሞትና የሕይወት ጉዳይ በሆነበት በዚያ ቤት አንዲት ነርስ ከእግር እስከ ራሱ አየችውና፣ ነጭ ጋውን ከቱታው በላይ አልብሳ፣ ከኋላው አስራለት ሕፃኑን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ልጅ ታቅፎ እንዲህ ያዘነ ሰው አይቼ አላውቅም። ምነው ብለው፣ ቀና ሳይል፣

«ልታረቀው ሄጄ ነበር፤ አልፈለገኝም» አለኝ።

ስለ እርስዎ እየተናገረ አልነበረም። እርስዎን በዚያ ቀን መች አየዎትና፤ ከዚያ ደጃፍ የመለሰው ሌላ መስሎት ነበር። አይደለም፣ ኮሚቴው ነው እንጂ እሱ አይደለም እያልኩ ብምል ብገዘት አልሰማኝም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሱፉን አልጋው ላይ ማስቀመጤን እንድተው ለመነኝ፤ እኔም ተውኩ።

4ኛ. ስለ መኪናዎ። አንድ እሑድ ጠዋት ወደ ጸሎት ሲመጡ መኪናዎ መንገድ ላይ ቆሞብዎ ነበር። ሱፍዎ እንዳይቆሽሽ ብሎ ባለቤቴ ጭቃው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ሲሠራ፣ እርስዎ በመሀረብ አፍንጫዎን ይዘው ቆመው እንደነበር ይነግረኝ ነበር። በሰዓቱ ደርሰው የመጀመሪያውን ጸሎት የመሩት እርስዎ ነበሩ። ጸሎቱ ግሩም ነበር፤ እኔም እዚያው ሆኜ አሜን ብያለሁ።

5ኛ. ስለ ቀብሩ። ባለቤቴ ልቡ ቀጥ ብሎ ጋራዡ ውስጥ በወደቀ ማግስት ኮሚቴዎ ሁለት ሰዎች ልኮ አጽናናን፤ እግራችሁን አያሳጣችሁ። ከዚያም አንደኛው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ አስከሬኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ እንደ ሥርዓቱ እንዲለብስ፣ ምናልባት ሱፍ ባይኖረው ብላችሁ ያሰባችሁለትን ልብስ በፌስታል ሰጠኝ። ከፍቼ ሳየው ያው ቡናማ ኮት ነው። ሰው በሕይወት እያለ የመለሰውን ኮት ሲሞት ቤቱ ድረስ የሚያመጣ ኮሚቴ ሌላ ቦታ ያለ አይመስለኝም።

በዕለቱም ሳጥኑ ተዘግቶ፣ በላዩ ላይ በልጃችን ሠርግ በሱፍ የተነሳው ፎቶግራፍ ተቀምጦ ገባ። በረኛው ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። መስታወቱም ምንም አላለም። እርስዎም ተነስተው ወንድማችን ቢዘገይም ዛሬ እንደሚገባ ለብሶ ወደ አባቱ ቤት ገባ ብለው ተናገሩ። ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔ ብቻ አላለቀስኩም፤ ሳቅ እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ነክሼ ስለነበር ነው። ያን ጊዜ በአግባቡ ስላላመሰገንኩዎ ይቅርታ።

እንግዲህ ምስጋናዬ ይኸው ነው። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፤ ከዚህ በኋላ በቱታ የመጣ ሰው ሲገጥምዎ ጣትዎን ከማንሳትዎ በፊት ከየት እየሮጠ እንደመጣ ይጠይቁልኝ። እኔስ ባሌን መልሼ አላገኘውም። የሌላ ሴት ባል ግን ዛሬም ከአንድ መኪና ሥር ተኝቶ፣ ተነስቶ ለመምጣት ይሆናል አይሆንም እያለ ከራሱ ጋር እየተሟገተ ይሆናል።

ሱፍዎን አቧራ አይንካብዎ፣ ክራባትዎ አይዙርብዎ፣ ጫማዎ እንዳበራ ይኑር እያልኩ፣ በተኮስኩት ጥቁር ቀሚሴ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የመካኒኩ ሚስት

ግልባጭ፦
ለበሩ መስታወት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቡናማውን ኮት ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼ ልኬዋለሁ። ይመርምሩት፤ ግሪስ የለበትም፣ እንደታጠፈ ነው። ባለቤቴን እኔና ልጄ በእጃችን አጥበን ያለበስነው ያንኑ ሰማያዊ ቱታውን ነው፤ እርስዎም በዚያው ልብሱ አሳልፈው፣ ባርከው፣ መርቀው አስገቡልኝ።