የሦስተኛ ፎቅ ሽንት ቤት ጉዳይ ናይሮቢ ስለተሰማበት ጠዋት

ለተከበሩ አቶ ከበበው
በሀይሌ ጋርመንት አደባባይ አጠገብ የሚገኘው ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ዋና አስተዳዳሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤናን፣ ለሕንፃዎ ሊፍት ደግሞ ምሕረትን እመኛለሁ። ሮበሌ ቀጄላ እባላለሁ። ከሕንፃዎ ጀርባ ባለው መንደር ውስጥ ከወይዘሮ ሙፊዳ ጋር በሽርክና የሆስፒታል ጋውን የምናሰፋበት አነስተኛ ስፌት ቤት አለን። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በአምስተኛው ፎቅ ያለውን የቪዲዮ ስብሰባ ክፍል ከነሙሉ ዕቃው ተከራይቼ ስለነበር፣ ያገኘሁትን አገልግሎት በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ኅሊናዬ እንዳይወቅሰኝ ይህን ጽፌያለሁ።

በቅድሚያ የራሴን ጥፋት ላስመዝግብ። ትልቁ ደንበኛችን ከተወን ወዲህ አሥራ ስምንቱ ሰፊዎቻችን የሚሠሩት ግማሽ ቀን ብቻ ነበር፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ሥራ ካልተገኘም ልናሰናብታቸው ነበር። በዚህ መሀል ናሙና የላክንላቸው የናይሮቢ ገዢዎች በቪዲዮ እንነጋገር አሉን። ሙፊዳ፣ «ሮበሌ፣ ከዚሁ ከስፌት ቤቱ በስልክ እናናግራቸው። ሰዎቹ የሚፈልጉት ስፌታችንን ነው እንጂ አንተ የተቀመጥክበትን ወንበር አይደለም» አለችኝ። እኔ ግን በዕድሜዬ ከዝዋይ አልፌ የማላውቅ ሰው ሆኜ ሳለ፣ «አንቺ የኢንተርናሽናል አሠራር አይገባሽም» ብዬ መለስኩላት። የወንድሜን የሠርግ ኮት ተውሼ፣ ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ቆሜ በእንግሊዝኛ መሳቅ ስለማመድ ሰነበትኩ።

አሁን ወደ አቤቱታዬ፣ ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ማይኩ አመሰግናለሁ። ባለሙያዎ ዕቃውን አገናኝቶ «ሁሉም ነገር አልቋል» ብሎኝ ሲወጣ እውነቱን ነበር፤ የኔ ነገር ያኔውኑ አልቆ ነበር። ለካ የተያያዘልኝ ማይክ ከጎን ያለው አዳራሽ ማይክ ኖሯል። በዚያች ሰዓት እርስዎ በዚያ አዳራሽ የሕንፃውን ተከራዮች ሰብስበው፣ የሦስተኛ ፎቅ ሽንት ቤት ተጠቅመው ውሃ ሳይለቁ ስለሚወጡ ግለሰቦች ጠንከር ያለ ንግግር ያደርጉ ነበር። ድምፅዎ እንዴት ያለ ነው! ናይሮቢ ድረስ ሲሄድ አንዲት ቃል አልጎደለችበትም።

ሁለተኛ፣ ተናጋሪውን እየፈለገ ራሱን ያዞራል ስለተባለው ካሜራ። በእርግጥም ይዞራል። የእርስዎን ድምፅ ተከትሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና በዚያው ቀረ። እኔ ትልቅ ለመምሰል ክፍል ተከራይቼ ለገዢዎቹ የታየው ባዶ ግድግዳ ነበር፤ የሚሰሙትም ስለ ሽንት ቤት ነበር። ከነሱ ወገን አማርኛ የምታውቅ አንዲት ጸሐፊ ነበረችና የእርስዎን ንግግር በትጋት ትተረጉምላቸው ጀመር። ዋና ኃላፊዋም በታላቅ ጨዋነት፣ «በፋብሪካችሁ ውሃ የማይለቁት ሰዎች ተለይተው ታወቁ ወይ?» ብለው ጠየቁ። እኔ እሰማቸዋለሁ፤ እነሱ ግን አይሰሙኝም፣ አያዩኝምም። እጄን እያወዛወዝኩ ካሜራው ፊት ልቆም ብሞክር በኔና በግድግዳው መካከል ጠረጴዛ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ወጣሁ። ከጉልበቴ በታች ሳልታያቸው አልቀረሁም።

ሦስተኛው የእርስዎ መስተንግዶ ነው። ላብ በላብ ሆኜ አዳራሹን ከፍቼ ስገባ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ፣ «አርፍደህ መጥተህ አትረብሽ! ፈርምና ተቀመጥ» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ የሚያሳፍረኝ መፈረሜ አይደለም፤ መቀመጤ ነው። ሰው ቆጣ ብሎ ሲናገረኝ እግሬ ራሱ ይታጠፋል። ጥቂት ቆይቼ እጄን አወጣሁ፣ ፈቀዱልኝም። በእንግሊዝኛ ያጠናሁት ሁሉ ጠፍቶብኝ በአማርኛ እንዲህ አልኩ፦

«ጌታዬ፣ እኔ የዚህ ሕንፃ ሰው አይደለሁም። ክፍሉን የተከራየሁት ትልቅ ሰው ለመምሰል ነው። አሥራ ስምንት ሰፊዎች ሥራ አምጣልን ብለው እየጠበቁኝ ነው፤ አብዛኞቹ ልጆች ያሏቸው ናቸው። ሥራቸው ከኔ ወሬ በጣም ይሻላል። እባካችሁ ድምፄን መልሱልኝ።»

 እርስዎም፣ «ይህ በአጀንዳው ላይ የለም» ብለው ወደ ቧንቧው ተመለሱ።

ወደ ክፍሌ ስመለስ ስክሪኑ ጠቁሮ ነበር። ኮቱን በክንዴ ይዤ በደረጃ ወረድኩና ለሙፊዳ የምነግራትን ውሸት እያሰናዳሁ በዝግታ ሄድኩ። አንዱም ውሸት አልሆንልህ አለኝ። በሩ ላይ ደርሼ የመኪኖቹን ድምፅ ስሰማ መግባት ከበደኝና ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። የመጨረሻው ወር ድምፅ መስሎኝ ነበር።

ስገባ ሙፊዳ ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛ በመኪኖቹ መካከል እየተዘዋወረች ነው። ሰሀር የምትባለው ሰፊያችን አንዱን ጋውን በሁለት እጇ ወጥራ፣ ስፌቱ እንደማይላቀቅ ለስልኩ ታሳያለች። ስልኩ ውስጥ ያሉት የናይሮቢዋ ኃላፊ ናቸው። በአዳራሽዎ የተናገርኩት ሁሉ በዚያው ማይክ ደርሷቸው፣ ጸሐፊዋም ተርጉማላቸው፣ ናሙናው ላይ ወደተጻፈው የሙፊዳ ቁጥር ደውለው ነበር። «ሰውየው የተናገረላቸውን ሰፊዎች ማየት ፈለግሁ» አሏት።

የሦስት ወር ሥራ ሰጥተውናል። ከሰኞ ጀምሮ ሁሉም ሙሉ ቀን ይሠራሉ። ሙፊዳ «አላልኩህም?» አላለችኝም፤ «ኮቱን አስቀምጥና ጨርቅ አውርድ» ብቻ አለችኝ። ጨርቁን ተሸክሜ መጋዘን ስገባ፣ ማንም ሳያየኝ ትንሽ አለቀስኩ።

ስለዚህ፣ ክቡር አቶ ከበበው፣ ማይክዎ በትክክል ቢሠራ ኖሮ እኔ በተለማመድኩት እንግሊዝኛ ራሴ ሥራውን ባበላሸሁት ነበርና፣ ምስጋናዬ ከልብ መሆኑን ይመኑልኝ።

ለሕንፃዎ ቀና ቧንቧ፣ ለተከራዮችዎ የሚሰማ ጆሮ እየተመኘሁ፣ ወንበር ባየሁ ቁጥር የምቀመጠው

ታዛዥዎ ሮበሌ ቀጄላ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት በሕንፃዎ በር ላይ «የረኩ ደንበኞቻችን» በሚል በተሰቀለው ማስታወቂያ ላይ የኔን ፎቶ አየሁት። ክብር ተሰምቶኛል። ሆኖም ጠረጴዛ ላይ ቆሜ፣ እጄን ዘርግቼና አፌን ከፍቼ የምታየው ረክቼ ሳይሆን እርዱኝ እያልኩ ስለሆነ፣ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ እንዲያርሙልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ፎቶውን ያነሳው ሰው ያን ጊዜ እዚያው ክፍል ውስጥ ቆሞ ያየኝ እንደነበረ አሁን ገብቶኛል፤ እሱንም ሰላም ይበሉልኝ።