አራቱ ትራሶች

ሰኞ፣ ጥር 19 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያጉረመርማል እንጂ ሌላው አካሌ ዝም ብሏል።

ጽሑፉ የተንጋደደው የእኔ እጅ ስለሆነ ነው። እስከ ዛሬ ደብዳቤሽን የምታነብልኝም፣ መልሱን የምትጽፍልኝም የታችኛው ፎቅ ፀጉር ሠሪ ነበረች። አባትሽ ከሞተ በኋላ ቤቱ ጭጭ ሲልብኝ ፊደል መቁጠር ጀመርኩ። መጀመሪያ የሙጫ ቆርቆሮ ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ ከዚያ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ከዚያ ያገኘሁትን ሁሉ። ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። ለማንም አልተነፈስኩም፤ በዚህ ዕድሜዬ "ሀ ሁ" ስል ፀጉር ሠሪዋ ብትሰማኝ ደንበኞቿን ስታስቅብኝ ትከርም ነበር። ደግሞም ልነግርሽ የፈለግሁት ነገር በሰው እጅ የሚጻፍ አይደለም። በስልክ ደግሞ "ደህና ነኝ" ከማለት ሌላ አይሆንልኝም።

አባትሽ አብራችሁ ሠርታችሁ የምታስነሷቸውን ትንንሽ ሮኬቶች የሚመዘግብባትን ደብተር አንብቤ ጨረስኩ። ያቺን አረንጓዴዋን። ለእያንዳንዱ በረራ አንድ ገጽ አለው፦ ነፋሱ፣ ከፍታው፣ ሮኬቷ ያረፈችበት ቦታ። ሁሉም ገጽ ላይ "ቆጣሪ፦ አለቃ" ይላል። የስምንት ዓመት ልጅ ሆነሽ "አባዬ፣ እጅህን ከማስነሻው ሳጥን ላይ አንሳ! ገና ሦስት ላይ ነኝ!" ብለሽ ከጮህሽበት ቀን ጀምሮ በሌላ ስም ጠርቶሽ አያውቅም።

ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ የተደረገውን የሮኬት ውድድር አልረሳሽውም። ያሸነፈ ውጭ አገር ሄዶ ይማራል ተብሎ ነበር። ያን ቀን ጠዋት አባትሽ ሞተሯን ገጠመ፣ ትራሶቹን ወደ ውስጥ ጠቀጠቀ፣ ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ፓራሹቱን አጣጥፌ ከላይ እንዳስገባ ቱቦውን አቀበለኝ። ፓራሹት መስፋትና ማጣጠፍ የእኔ ድርሻ ነበር። ትራስ የምንላቸው አራቱ ድብልብል ወረቀቶች እሳት እንዳይበላቸው በመድኃኒት ተነክረው የደረቁ ነበሩ። ሞተሯ ስትጨርስ ወደ ላይ የምትተፋው እሳት ፓራሹቱን ገፍቶ ያወጣዋል፤ ትራስ ከሌለ ግን የፓራሹቱን ላስቲክ ያቀልጠዋል። ይህን ከአንቺ ነው የተማርኩት።

አንቺ በር ላይ ሆነሽ "እማዬ፣ ፍጠኚ እንጂ!" ትያለሽ። እኔ አራቱንም በወረንጦ አወጣኋቸው። የሹራቤ ኪስ ውስጥ ከተትኳቸው።

ልጄ፣ እኔ ነኝ። አባትሽ አይደለም። ልትሄጂብኝ ነው ብዬ ነው።

ሮኬትሽ ከሁሉም በላይ ወጣች፤ ከዚያ እንደ ድንጋይ ወረደች። የቀለጠውን ፓራሹት ይዘሽ በሰው ሁሉ ፊት "ትራሱን ረስተሃል! ሁለተኛ ሥራዬን እንዳትነካ!" አልሽው። እሱ ኮፍያውን አውልቆ "አዎ አለቃ፣ ረስቼው ነው" አለ። እኔ ከጎኑ ቆሜ ነበር።

በዓመቱ በሌላ መንገድ ውጭ አገር ሄድሽ። ስልክ ሲያነሳልሽ "እማዬን አቅርብልኝ" ነበር የምትይው። ሁልጊዜም አቀረበኝ። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል እሱን ቀበርኩት። የረሳ መስሎት ሞተ ብዬ ነበር የምቃጠለው።

ባለፈው ወር የዚያ ቀን ገጽ ላይ ደረስኩ። እንዳለ ልገልብጥልሽ፦

"ከፍታ፦ ከሁሉ የበለጠ። ፓራሹት፦ ቀልጧል። ምክንያት፦ ትራስ አልነበረም። እኔ አራት አስገብቻለሁ። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ እጇን ከኪሷ አላወጣችም። ልጅቷ በአንዳችን መቆጣቷ ካልቀረ በእኔ ይሁን። እናት ያስፈልጋታል።"

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት አብረን ስንበላ፣ ስንተኛ፣ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብሎ በወቀሳ ዓይን አላየኝም። ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ክፍት አድርጎ ትቷት ይሄድ ነበር። ማንበብ ስለማልችል ነው ወይስ አንድ ቀን እንዳነባት ብሎ፣ አሁን የምጠይቀው የለኝም።

ትናንት ያቺኑ ሮኬት ወደ ሜዳው ወሰድኳት። የተሰበረውን ክንፍ ከጫማ ካርቶን ቆርጬ ተካሁ፣ አዲስ ፓራሹት ሰፋሁ፤ ሞተርና ሌላ ትራስ ቁም ሣጥን ውስጥ ተርፈው ነበር። ትራሱን ሦስት ጊዜ አይቼ ነው የዘጋሁት። ሳጥኑ ግን አስቸገረኝ። አንድ ሰው ያንቺን ቁልፍ አዙሮ ካልያዘ፣ ሌላው ማብሪያውን ቢጫን አይሠራም። ብቻሽን ሄደሽ እንዳታስነሺ ብሎ እኮ ነው አባትሽ እንዲያ የሠራው። የፋብሪካውን ዘበኛ ለመንኩት።

"እማማ፣ ይፈነዳል እንዴ?" አለኝ።

"ከፈነዳ አንተ ትቀድመኛለህ፤ ዝም ብለህ ያዝ።"

"የሚስቴ እርግማን ዛሬ ደረሰ በሉኛ!"

ከአምስት ጀምሬ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። ሦስት ላይ እጄን ከሳጥኑ ላይ አነሳሁ፤ የቀረውን ቆጥሬ ማብሪያውን ተጫንኩ። ወጣች። እስክትጠፋኝ ወጣች። ከዚያ ፓራሹቱ ተከፈተ፣ ቀስ ብላ አጥሩ ሥር አረፈች። "አያችኋት?" ብዬ እናንተ ወደምትቆሙበት ዞርኩ። ዘበኛው "አየሁ፣ እማማ" አለኝ። ደግ ሰው ነው።

ይቅር በይኝ ብዬ አልለምንሽም፤ እሱ ያንቺ ነው። አባትሽ ላይ የጣልሽውን ጥፋት ግን ዛሬውኑ ከላዩ ላይ አንሺለት። አልረሳም ነበር።

አራቱን ትራሶች ፖስታው ውስጥ ታገኚያቸዋለሽ። አሥራ ሁለት ዓመት በመርፌ ቆርቆሮዬ ውስጥ ነበሩ። ቀይ ክር ያሰርሽበትን ቁልፍሽንም ልኬልሻለሁ። ሳጥኑ እኔ ጋ ነው። አንድ ሞተር ቀርቷል።

የወጣሽበት ከፍታ ሁሉ ለስላሳ ማረፊያ ይኑረው፤ የሚቀበልሽ እጅ አይጥፋ።

እናትሽ፣ በገዛ እጄ