ወረፋ ያዢ የተባልኩ ቀን

ልጄ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ።

ያ ቀን የተበላሸው፣ ለጉብኝት በሄድንበት ባዕድ አገር ሙዚየም በር ላይ ተሰልፈን ሳለ አባትሽ፣ «ልጅቷ ደክሟታል፤ እህቴ ቤት ላሳርፋት፤ አንቺ ወረፋ ያዢ» ሲለኝ ነው። እኔ ሞኟ ጃኬትሽን ቆልፌ ሸኘኋችሁ። ሙዚየሙ ሲዘጋ አክስትሽ ቤት ሄድኩ። በሩን ሳትከፍት፣ «እዚሁ ትማራለች፤ አንቺ አገርሽ ግቢ» አለችኝ። የሦስታችንን ፓስፖርት «አባወራ ይያዘው» ብዬ የሰጠሁት እኔው ነበርኩ። ከበሩ ስር የእኔን ብቻ አሾለከችልኝ። ቪዛዬ በማግስቱ አለቀና ብቻዬን ወደ አገሬ ተመለስኩ።

አያትሽ ደህና ናት፤ አልጋሽ ላይ እንግዳ አታስተኛም። እኔም ጠበቃ ይዤ ክስ መሥርቻለሁ። ብርድ ነውና ካልሲ ደርቢ። አደራ፣ ይህን ራስሽ አንብቢው። በስልክ «ለምን ጥለሽኝ ሄድሽ?» ያልሽኝ አስጠንተውሽ ነው፤ አልተቀየምኩሽም። በሰላም ያገናኘን። አክስትሽም ብታነበው ግድ የለኝም፤ «እናትሽ ጥላሽ ሄደች» የሚለውን ውሸት ከእንግዲህ አልቀበልም።